ሁለተኛው ማውዝ

እህቴና እኔ ደብረ ማርቆስ የተከራየናት ክፍል መስኮቷ ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ላይ ይከፈታል። ከመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ የእህቴ ላፕቶፕ ነበር፤ ላፕቶፑ ውስጥ ደግሞ አዲስ አበባ የሚገኝ ሌላ ኮምፒውተር ይታይ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ነገር ለዘመድ ማስረዳት ይቸግረኛል። እህቴ ግን በቀላሉ ታስረዳዋለች። «ቢሮው አዲስ አበባ ነው፤ ይኼ መስኮቱ ነው። በመስኮቱ እጄን አስገብቼ እሠራለሁ» ትላለች።

ሥራውን ያገኘችው አካውንቲንግ ተምራ ከተመረቀች በኋላ፣ ብዙ ፈልጋ ነው። ቀጣሪዋ ዕቃ የሚያመላልስ ድርጅት ነበር። ከየመጋዘኑ የሚላከው ወረቀት ስካን ተደርጎ ይመጣላታል፤ እሷ እያንዳንዱን ገጽ አንብባ ተጭኗል ከተባለው ዕቃ ጋር ታመሳክራለች፤ የማይገጥም ካለ ትለቅማለች። ከደብረ ማርቆስ ሆና እንድትሠራ የፈቀዱላት ለሙከራ ነው። ከርቀት መሥራቱ ካልተሳካ ጓዟን ጠቅልላ አዲስ አበባ መሄድ ነበረባት።

ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደነበር ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ወላጆቻችን ደብረ ወርቅ አካባቢ ናቸው። እህቴ ለትምህርት ከቤት ስትወጣ እኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ እህት የነበረችኝ ለፋሲካና ለመስቀል ብቻ ነው። ሚኒባሱ ከሚቆምበት ቦታ ሮጬ እቀበላታለሁ፤ ጥቂት ቀን ሰንብታ ስትመለስ እዚያው ቦታ ቆሜ እሸኛታለሁ። ትራሷ ላይ የፀጉር ቅባቷ ሽታ ይቀራል። እናታችን የትራሱን ልብስ ልታጥብ ስታነሣ «ዛሬ ይቅር፣ እማዬ» እያልኩ አስመልሳት ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ወጥቶ ደብረ ማርቆስ እንደደረሰኝ ሳይ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ትምህርቱ አልነበረም። እሷ ጋ ልኖር ነው ብዬ ነው። ዶርም ተሰጥቶኛል፤ ግን አልጋዬ ላይ የነበረው ሻንጣዬ ብቻ ነው። ትምህርት በሌለኝ ሰዓት ሁሉ እሷ ጋ ነበርኩ። እሷ በጠረጴዛው፣ እኔ በአልጋው ጫፍ፣ እያንዳንዳችን በየሥራችን። የቀረብኝን ዘመን በሙሉ በዚያች ክፍል የምሰበስብ ይመስለኝ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስክሪኑ ድንገት ይጨልምና የይለፍ ቃል ይጠይቃታል። ታስገባለች፤ ይከፈታል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይቆለፋል። አንዳንድ ጊዜ ከመቆለፍም አልፎ ግንኙነቱን ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ ሴቭ ያላደረገችው ሥራ አብሮ ይጠፋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አዲስ አበባ ያለችው አለቃዋ የምታየው ነው። ስክሪኑ በተቆለፈ ቁጥር በእነሱ በኩል ከእህቴ ስም አጠገብ «ከቦታዋ የለችም» የሚል ምልክት ይመጣል።

አንድ ቀን አለቃዋ ስትደውል እህቴ እጇ ሊጥ ነክቶ ስለነበር ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፈትኩላት።

«የኔ ቆንጆ፣ ዛሬም ጠዋት አልነበርሽም።»

«ኧረ ነበርኩ። ከወንበሬም አልተነሣሁም።»

«ሲስተሙ ግን የለችም ነው የሚለው።»

«እሱ ይላል እንጂ፣ እኔማ አለሁ።»

«እንግዲህ እኔ አንቺን አላይሽ፣ የማየው እሱን ነው። ሥራሽ ጥሩ ነው፤ ግን የሙከራ ጊዜሽ ከማለቁ በፊት ይኼን ነገር መላ በዪው። ካልሆነ መምጣት ነው፣ ምን ይደረጋል።»

አለቃዋ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ በድምፅዋም ቁጣ አልነበረም። ግን «መምጣት» የሚለው ቃል ክፍሏ ውስጥ ቀረ።

«እኔ አስተካክለዋለሁ» አልኩ።

እህቴ ሊጡን ከጣቶቿ እያራገፈች ሳቀች። «አንቺ? ገና ዲፓርትመንት እንኳ ያልመረጥሽ!»

«ኮምፒውተር ነው የምመርጠው።»

«ይሁንልሽ። መርጠሽ እስክትጨርሺ እኔ አዲስ አበባ ደርሻለሁ።»

ቀልዷን ነው። እኔ ግን አልሳቅኩም።

መጀመሪያ መብራቱን ጠረጠርኩ። መብራት ሲሄድ የኢንተርኔቱ መሣሪያም አብሮ ይጠፋልና። ነገር ግን መብራት ሙሉ ቀን ባልጠፋበት ዕለትም ተቆለፈ። ቀጥሎ ኔትወርኩን ጠረጠርኩ፤ ኔትወርኩ ደኅና በሆነበት ቀንም ስለተቆለፈ እሱም ነጻ ወጣ። ከዚያ የላፕቶፑን ማስተካከያ ከፍቼ «እንዳትተኛ» አልኩት፤ ስክሪኑ እንዳይጨልም፣ ባትሪ ቢያንስም እንዳያንቀላፋ አደረግኩ። ከኋላ መዝሙር ከፍተን ላፕቶፑ ሥራ እንዳይፈታ አደረግን። መዝሙሩ እየተዘመረ ተቆለፈ።

ዶርም ውስጥ አንዲት ልጅ ሌላ ዘዴ ነገረችኝ። ማውዙን የሰከንድ ቆጣሪ ያለው የእጅ ሰዓት ላይ ብታስቀምጪው፣ ቆጣሪው በዞረ ቁጥር ማውዙ ሰው የነካው ይመስለዋል አለችኝ። በደስታ እየሮጥኩ ሄጄ የእጅ ሰዓቴን ከማውዙ ሥር አድርጌ ለእህቴ ነገርኳት። እህቴ እስክጨርስ ሰማችኝና ራሷን ነቀነቀች።

«ወጥቼ ገበያ ብሄድስ?»

«ያን ጊዜም አለች ይላል» አልኩ፣ ገና አልገባኝም።

«ታዲያ ይኼ ውሸት አይደለም? ሰዓት አስቀምጬ አለሁ ልበላቸው? ይቅርብኝ።»

ሰዓቱን ከማውዙ ሥር አውጥታ በእጄ ላይ አሰረችልኝ።

በዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ክፍል ለሚሠሩት ሰውዬ ነገሩን አጫወትኳቸው። ምራቃቸውን የዋጡ፣ ቸኩለው የማይናገሩ ሰው ናቸው። «የሚቆለፈው የእናንተ ኮምፒውተር ነው ወይስ የእነሱ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። «እሱን ሳታውቂ የምትነካኪው ሁሉ ከንቱ ነው። ሲቆለፍ የማን ስም እንደሚጽፍ እይ» አሉኝ።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲቆለፍ ተጠግቼ አየሁ። ላፕቶፓችን ሲቆለፍ የአባታችን ፎቶ ነው የሚወጣው። አሁን የወጣው ግን የድርጅቱ ምልክትና የእህቴ የቢሮ መለያ ነበር። የተቆለፈው አዲስ አበባ ያለው ነው ማለት ነው። እኔ ሳምንት ሙሉ ያስተካከልኩት መስኮቱን ነው፤ የሚዘጋው ግን ከመስኮቱ ባሻገር ያለው ቤት ነበር። ያ ኮምፒውተር የእኛን መዝሙር አይሰማም፤ መብራታችንንም አያይም። የሚያውቀው በመስኮቱ በኩል የሚደርሰውን ብቻ ነው፤ የቁልፍ መጫንና የማውዝ መንቀሳቀስ። እነሱ ለተወሰነ ጊዜ ካልደረሱት ሰው የለም ብሎ ይዘጋል።

ሰውዬው ይህን ስነግራቸው «ጎበዝ። አሁን ደግሞ ሰው ቀይሩና ሞክሩ» አሉኝ። እህቴን አጠገቤ አስቀምጬ እኔ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ገጾቹን እሷ እያሳየችኝ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አነበብኩ። አንድም ጊዜ አልተቆለፈም።

«ከአንቺ ጋርማ አይጣላም» አለች። ቀልድ አስመስላ ነው፤ ግን ከፍቷት ነበር። በማግስቱ እሷ ስትቀመጥ እንደገና ተቆለፈ።

መፍትሔው የተገኘው እንግዳ በመጣ ቀን ነው። የእናታችን ወንድም ዓይናቸውን ሊታዩ ከቁይ መጥተው፣ እስኪመሽ ክፍላችን ውስጥ አረፍ አሉ። ሥራ እንዳንረብሽ ብለው አልጋው ላይ ከእኔ ጎን ተቀምጠው በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት።

«አሁን እቺ ልጅ የአዲስ አበባውን ሥራ ከዚህ ሆና ነው የምትሠራው?»

«አዎ፣ አያ።»

«እኔ ምነው እንዲህ ያለ ሞፈር ባገኘሁ! በሬዎቹን ቁይ ትቼ እዚህ አልጋ ላይ ሆኜ የማርስበት።»

«ይታክትዎታል፣ አያ።»

«ምኑ ነው የሚታክተኝ? በሬዎቹ ናቸው እንጂ የሚታክታቸው።»

አፌን ይዤ ሳቅኩ። እሳቸው ግን እህቴን አተኩረው ማየት ጀምረው ነበር።

«ተኛች እንዴ?»

«ኧረ እያነበበች ነው።»

«እጇስ የት አለ?»

አየኋት። እጆቿ ነጠላዋ ሥር ናቸው፤ ተሰብስበው ጭኗ ላይ አርፈዋል። ጀርባዋ ቀጥ ብሏል። ከንፈሯ ብቻ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል።

«አባቷ ፊት የተቀመጠች መስላ» አሉ አያ። «ዳዊት ልትደግምልን ነው።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ስክሪኑ ጨለመ።

አባታችን የአብነት መምህር ናቸው። ፊደል የሚቆጥር ልጅ ስንደዶ ይዞ በጫፏ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ያነባል። ዳዊት ሲደርስ ግን አባታችን ስንደዶዋን ይቀበሉታል። «አሁን እጅህ ይረፍ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ልጁ እጁን ከልብሱ ሥር ሰብስቦ ገጹን እስከ ታች በዓይኑ ይወርዳል፤ ድምፁን የሚያሰማው ከዚያ በኋላ ነው። እጁ ሲጫወት ካዩ እንደገና ከላይ ያስጀምሩታል። እህቴ ከቤት ሳትወጣ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጣ እንዲህ ተምራለች። እኔ ዳዊት ሳልደርስ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ስንደዶዬን ሳላስረክብ ቀረሁ ማለት ነው። ለዚህ ነው መሰለኝ ሳነብ እጄ አያርፍም፤ ገጹን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ፣ የማውዙን ቀስት በየመስመሩ እነዳለሁ። አዲስ አበባ ያለው ኮምፒውተር እኔን አለች፣ እህቴን የለችም ያለው በዚህ ነው። ከሁለታችን በእውነት እዚያ ገጽ ላይ የነበረችው እሷ ሆና ሳለ።

«እታለም፣ አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ። አያ ደንግጠው ተነሡ።

ማግኘት ሌላ፣ ማስተካከል ሌላ ሆነ። እያነበበች እጇን እንድታንቀሳቅስ ነገርኳት፤ ሞከረች። ገጽ መካከል ትደርስና እጇ ትዝ ይላታል፤ እጇን ስታንቀሳቅስ ደግሞ ያለችበት መስመር ይጠፋባታል። በዚያ ሳምንት አለቃዋ ደውላ አንድ ገጽ መለሰችላት። ሁለት መስመር ዘላ አሳልፋለች። ከተቀጠረች ጀምሮ ስሕተት ሲገኝባት የመጀመሪያዋ ነበር። ስልኩን ዘግታ ወደ መንገዱ ዞረች።

«ወይ መቆለፍ፣ ወይ መሳሳት» አለች። «ብሄድ ይሻል ይሆን?»

በማግስቱ ግን ከኮምፒውተር ክፍሉ ሰውዬ ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለ አሮጌ ማውዝ ለምኜ መጣሁ። ላፕቶፑ ሁለት ማውዝ ይቀበላል፤ የእሷን በአንዱ በኩል፣ የእኔን በሌላው በኩል ሰካሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በአንድ እጄ የትምህርት ወረቀቴን ይዤ፣ ሌላውን እጄን ማውዙ ላይ አደረግኩ። እሷ እጇን ነጠላዋ ሥር ሰብስባ ስታነብ፣ እኔ አልፎ አልፎ ማውዙን ነካ አደርጋለሁ።

«ይኼስ እንደ እጅ ሰዓቱ አይደለም?» አለች።

«አይደለም። ሰዓቱ ሳትኖሪ አለች ይላል። እኔ ስትኖሪ ነው አለች የምለው።»

«እሺ» አለች። ከዚያ ወደ ገጿ ተመለሰች።

ያንን ጊዜ ነው አሁን የምናፍቀው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛውን ታሞቀዋለች። ከመንገዱ የሚኒባስ ረዳቶች «አምበር! አምበር!» እያሉ ይጣራሉ። እህቴ ታነባለች። እኔም አነባለሁ፤ ቀኝ እጄ ግን ለእሷ ነው የሚሠራው። ገጹን ስትጨርስ «በቃ» ትላለች፤ እኔ እጄን አነሣለሁ፤ እሷ እጇን ከነጠላዋ አውጥታ ትጽፋለች። ሌላ ገጽ ይከፈታል፤ እጄ ወደ ማውዙ ይመለሳል። በሕይወቴ ለሌላ ሰው ይህን ያህል የተፈለግኩበት ጊዜ አላስታውስም።

ነገር ግን ትምህርት ነበረኝ፤ ክፍል ሳለሁ ደግሞ ይቆለፍባታል። አንድ ቀን ከፈተና ስመለስ ስልክ ይዛ አገኘኋት። ለአለቃዋ ሁሉንም እየነገረቻት ነበር፤ ስንደዶውን፣ ነጠላውን፣ ሁለተኛውን ማውዝ ሳይቀር። ወዲያ ማዶ ሳቅ ይሰማል። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«እህትሽ እዚያው ናት? ከኮምፒውተር ባለሙያችን ጋር ላገናኛት።»

ባለሙያው የሚቸኩል ወጣት ይመስላል። «አንቺ ነሽ ያገኘሽው? የት ነው የምትሠሪው?» አለኝ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ መሆኔን ስነግረው «አይዞሽ» አለኝ፤ ለምን አይዞሽ እንዳለኝ አላወቅኩም። ኮምፒውተሩ ከመዝጋቱ በፊት የሚታገሥበትን ጊዜ አራዘመላት። ደስ ብሎን ሞከርነው። እንደ ድሮው ተቆለፈ።

መልሼ ስደውልለት አምኖ እንዲቀበለኝ ያየሁትን በጥንቃቄ ነገርኩት። «ግንኙነቱ አሁን አይቆረጥም። ስክሪኑ ግን ይቆለፋል፤ የይለፍ ቃሉን ስታስገባ ሥራዋን እንደነበረ ታገኘዋለች።»

ቁልፎች ሲጫኑ ሰማሁ። «አሃ» አለ። «ሁለት ናቸው እኮ። ግንኙነቱን የሚቆርጠው አንድ ነው፣ ስክሪኑን የሚቆልፈው ሌላ ነው። እኔ አንዱን ብቻ ነው ያራዘምኩት። ቆይ… አሁን ሞክሩ።»

እህቴ ረጅሙን ገጽ መርጣ ከፈተች። እጇን ሰበሰበች። እኔም ማውዙን እንዳልነካ የእኔን እጅ ብብቴ ሥር አደረግኩ። የሚሰማው የመንገዱ ድምፅ ብቻ ነበር። እህቴ እስከ ታች ወረደች፤ ስክሪኑ እንደበራ ነው። መጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ «አለሁ!» አለችው፤ ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን።

ያን ቀን ምሽት የሁለተኛውን ማውዝ ገመድ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ትንሽ ከፋኝ።

የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሲል አለቃዋ ደወለች። ያን ጨዋታ ከሰማች በኋላ የእህቴን የድሮ ገጾች መለስ ብላ አይታቸው ኖሯል። ሌሎቹ ያሳለፏቸውን ስሕተቶች እህቴ ለቅማቸዋለች። «እዚህ ያሉት ልጆች ፈጣን ናቸው፣ ግን ይዘላሉ» አለች። «ሥራው ጸድቆልሻል፤ እዚያው መሥራት ትችያለሽ። ግን እኔ የምፈልግሽ እዚህ መጥተሽ ከጎናቸው እንድትቀመጪ ነው። የእነሱን ገጽ ታዪያለሽ፤ እንዴት እንደምታነቢ ታሳዪያቸዋለሽ። የኃላፊነት ቦታ ነው። አስቢበት።»

እህቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ዞረችብኝ። «ምን ልበላት?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። እዚህ መሥራት ትችያለሽ ብላለች እኮ፤ ለዚህ አይደል የደከምነው፤ ቆዪ። ግን ፊቷን አየሁት። ድሮ አባታችን ከወንዶቹ ሁሉ መካከል «አንቺ ጀምሪ» ሲሏት እንዲሁ ነበር የምትሆነው፤ ደስታዋን ለመደበቅ ከንፈሯን ትነክሳለች።

«ሂጂ እንጂ» አልኩ። «ምን ትጠይቂኛለሽ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ዶርም አለኝ አይደል።»

በመናኸሪያው ተሰነባበትን። ላፕቶፑን ለእኔ ትታልኛለች፤ እሷ ሌላ ልትገዛ። ክፍሉን እስከ ኪራዩ ማብቂያ እንዳልለቅ አስጠንቅቃኛለች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እንደ ልጅነቴ ከጎኑ መሮጥ አማረኝ። ክፍሉ ስመለስ ነጠላዋ ወንበሩ ላይ ተረስቶ ነበር።

አሁንም ክፍሏ ውስጥ ነኝ፤ ይህንንም የምጽፈው በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወለችልኝ። አዲሱ ላፕቶፗ ማተም እምቢ ብሏታል። አንዱ የሌላውን ኮምፒውተር ከርቀት የሚያይበትን ፕሮግራም አስጭኛት ስለነበር ፈቃድ ሰጥታኝ ገባሁ። ድሮ አዲስ አበባ ይታይበት በነበረው ስክሪን ላይ የእህቴ ኮምፒውተር መጣ። ከበስተጀርባው የአባታችን ፎቶ አለ። ችግሩ ትንሽ ነበር፤ አስተካከልኩት።

«ጨረስሽ?» አለች በስልኩ።

«ጨርሻለሁ።»

«ተባረኪ። በይ እኔ ደግሞ ይቺን ላንብብ፤ ነገ ለልጆቹ የማሳያት ናት።»

ስልኩን አልዘጋችም፤ እኔም አልወጣሁም። ገጹን ከፈተች። ቀስቷ አንድ ጥግ ላይ ቆመች፤ ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም። እጇ የት እንዳለ አውቃለሁ። በስልኩ ውስጥ የሚሰማው የማላውቀው ሰፈር የመኪና ድምፅ ነበር። እኔም ገጹን ከላይ ጀምሬ አብሬያት ለመውረድ ሞከርኩ፤ እጄን ሰብስቤ፣ እንደ እሷ።

መካከል ላይ ስደርስ በእኔ ስክሪን ላይ መልእክት ወጣ። ለረጅም ጊዜ ምንም እንቅስቃሴ ስላልታየ ግንኙነቱ ሊቋረጥ መሆኑን ይናገራል፤ መቆየት እፈልግ እንደሆነ ይጠይቃል። መሳቢያውን ከፈትኩ። ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለውን ማውዝ አውጥቼ ሰካሁትና መልእክቱን አዎ ብዬ መለስኩ። ከዚያ ትንሽ ነካ አደረግኩት። አዲስ አበባ፣ በእህቴ ገጽ ጥግ ላይ፣ ቀስቷ ነቅነቅ አለች።

«አንቺ!» አለች በስልኩ። «አለሽ እንዴ?»

«አለሁ።»

ሳቋ ተሰማኝ። «በይ እንግዲህ ዝም በይ፤ ገጹን ልጨርስ።»

እጄን ማውዙ ላይ እንዳደረግኩ ዝም አልኩ።